ትልቅ ኤስዩቪ የኋላ ጎማው ይዙር?



መሪ ሲጠመዘዝ የሚዞረው የፊት ጎማ ብቻ ነው ብለን ስለለመድን፣ የኋላው ጎማ ቀጥ ብሎ መከተሉ ሌላ አማራጭ የሌለው ነገር ይመስለናል። ዛሬ ግን ከትልልቆቹ ኤስዩቪዎች ብዙዎቹ የኋላ ጎማቸውንም በጥቂት ዲግሪ ያዞራሉ። ሬንጅ ሮቨር እ.ኤ.አ. በ2022 ሞዴሉ ላይ ይዞት ወጥቷል፤ ኦዲ በኪው7፣ ፖርሽ በካየን ላይ ተጨማሪ ገንዘብ ለሚከፍል ደንበኛ አቅርበውታል፤ ጂኤምሲም በኤሌክትሪኩ ሃመር ላይ ገጥሞታል። ሻጭ ስለዚህ ዕቃ ሲናገር ሁለት ጥቅም ይጠቅሳል፤ በጠባብ ቦታ በቀላሉ ይዞራል፣ በፍጥነት ሲነዳ ደግሞ ይረጋጋል ይላል። ገዢው ይህን ሰምቶ ገንዘቡን ያውጣ ወይስ ይተወው? የእኔ አቋም ይህ ነው። የመጀመሪያው ጥቅም እውነተኛ ነው፣ በሜትር ይለካል፣ የፊትና የኋላ አክስሉ ርቀት ወደ 3 ሜትር ለተጠጋ ወይም ከዚያ ላለፈ መኪና ዋጋውን ይመልሳል። ሁለተኛው ጥቅም ግን፣ ውሸት ባይሆንም፣ ለብቻው ገንዘብ የሚያስወጣ አይደለም። ሁለቱን ሳንለይ የምናደርገው ግዢ ለማያስፈልገን ዕቃ ያስከፍለናል፤ ወይም የሚያስፈልገንን እንድንተው ያደርገናል።

አስቀድሜ ስለ አሠራሩ ጥቂት ልበል። ሁለት ሰዎች ረጅም አጣና ተሸክመው በጠባብ ቅያስ ሲታጠፉ ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። የፊተኛው ታጥፎ የኋለኛው ዝም ብሎ ከተከተለው አጣናው መሐሉ ላይ የአጥሩን ጥግ ይመታል፤ የኋለኛው ወደ ውጭ በኩል ጥቂት ወጣ ካለ ግን ሁለቱም ያልፋሉ። የኋላ ጎማ መሪም መኪናው በዝግታ ሲሄድ የሚያደርገው ይኸንኑ ነው፤ የፊት ጎማው ወደ ግራ ሲዞር የኋላው ወደ ቀኝ ይዞራል። ፍጥነት ሲጨምር ደግሞ ኮምፒውተሩ ትእዛዙን ይገለብጠውና የኋላውን ጎማ ከፊቱ ጋር በአንድ አቅጣጫ፣ በጣም በትንሹ ያዞረዋል። ሥራውን የሚሠራው ኋላ አክስል ላይ የተገጠመ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ሞተሩ እንደ ብሎን ጥርስ ያለው ዘንግ ያንቀሳቅሳል፤ ዘንጉም በጋራዦቻችን ቲራንቴ የሚባለውን ማያያዣ እየገፋና እየሳበ ጎማውን ያዞረዋል። ነጂው የሚነካው ተጨማሪ ነገር የለም።

አሁን ቁጥሩን አብረን እንሥራው። በሁለቱ አክስሎች መካከል 3 ሜትር ያለው መኪና እንውሰድ፤ የፊት ጎማው 35 ዲግሪ ይዙር። የኋላው ቀጥ ብሎ ከቀረ መኪናው የሚዞርበት ማዕከል በኋላ አክስሉ መስመር ላይ፣ ከመኪናው መሐል 4 ሜትር ከ28 ሳንቲሜትር ርቆ ይገኛል። የኋላውን ጎማ 7 ዲግሪ ወደ ተቃራኒው ብናዞረው ማዕከሉ ከኋላ አክስሉ 45 ሳንቲሜትር ያህል ወደፊት ይመጣል፤ ርቀቱም ወደ 3 ሜትር ከ65 ይቀንሳል። እንግዲህ መኪናው በመዞር ረገድ የአክስል ርቀቱ 2 ሜትር ከ55 እንደሆነ መኪና ሆነ ማለት ነው። ይህ በከተማችን ከሞሉት ቪትዞች ብዙ የማይርቅ ልክ ነው። ከሁለት ቶን በላይ የሚመዝን፣ ሰባት ሰው የሚጭን መኪና ሲታጠፍ የትንሿን መኪና ጠባይ መያዙ ቀላል ነገር አይደለም፤ እኔም ይህን ዕቃ በቁም ነገር እንድመለከተው ያደረገኝ ከማንኛውም ማስታወቂያ ይልቅ ይህ ስሌት ነው።

አምራቾቹ የሚያወጡት ልክም ከስሌቱ ጋር ይስማማል፤ ለገዢው የሚጠቅም ትምህርትም አለበት። የካየን የኋላ ጎማ የሚዞረው እስከ 3 ዲግሪ ነው፤ የመዞሪያ ክቡን፣ ማለትም ዞሮ ለመመለስ የሚፈልገውን ስፋት፣ ከ12.1 ወደ 11.5 ሜትር አወረደው፤ ያተረፈው 60 ሳንቲሜትር ነው። ኪው7 እስከ 5 ዲግሪ ይዞራል፤ ከ12.4 ወደ 11.4 ወረደ፤ አንድ ሙሉ ሜትር ነው። ኤስዩቪ ባይሆንም፣ የመርሴዲስ ኤስ ክላስ በ10 ዲግሪው እስከ 2 ሜትር ይቀንሳል። ሬንጅ ሮቨር በ7.3 ዲግሪ 10.95 ሜትር ደርሷል፤ ያውም የአክስሉ ርቀት ከቀድሞው ሞዴል በ75 ሚሊሜትር ረዝሞ 2,997 ሚሊሜትር ከሆነ በኋላ ነው። ስለዚህ «የኋላ ጎማው ይዞራል» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይነግረንም። በስንት ዲግሪ ይዞራል? ከዞረ በኋላስ የመዞሪያ ክቡ ስንት ሜትር ነው? 3 ዲግሪ የሚዞረውና 10 ዲግሪ የሚዞረው በአንድ ስም ቢጠሩም ለነጂው የሚሰጡት ጥቅም የሰማይና የምድር ያህል ይለያያል።

ሜትሩ ራሱ በመንገድ ላይ ሲመነዘር ምን ይሆናል? እዚህ ላይ ሻጮች ነገሩን ያጋንኑታል፤ ተቃዋሚዎችም ያጣጥሉታል። 7 ሜትር ስፋት ባለው የሰፈር መንገድ ላይ 11 ሜትር የሚፈልገው መኪናም 12 ሜትር ተኩል የሚፈልገውም በአንድ ጊዜ ዞሮ አይመለስም፤ ሁለቱም ወደኋላ መመለስ ይኖርባቸዋል። ሁለት ሁለት መስመር ባለው፣ 14 ሜትር በሚሰፋ መንገድ ላይ ደግሞ ሁለቱም ይዞራሉ። «ታዲያ ጥቅሙ የት አለ?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ጥቅሙ ያለው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው፤ በዳር መኪና ቆሞ መንገዱ ሲጠብብ፣ ሁለት ጊዜ ወደኋላ ይመለስ የነበረው አንዴ ብቻ ሲመለስ፣ ከምድር ቤት ፓርኪንግ በሚወጣው ጠመዝማዛ መወጣጫ ላይ፣ ከጠባብ ቅያስ ወደ ግቢ በር ሲገባ። በተለይ በዘጠና ዲግሪ መታጠፊያ ላይ ረጅም መኪና የሚያስቸግረው አፍንጫው አይደለም፤ የውስጠኛው የኋላ ጎማ ጥጉን እየቆረጠ መሄዱ ነው። የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ላይ የሚወጣው፣ የግቢ በር ምሰሶ የሚፍቀው፣ ጎማና ቸርኬ የሚያበላሸው እሱ ነው። የኋላ ጎማው ሲዞር ይህ ቆረጣ ይቀንሳል። በቀን ደጋግሞ እንዲህ ባለ ቦታ የሚገባ ሰው ጥቅሙን በየዕለቱ ያገኘዋል፤ አውራ ጎዳና ላይ የሚውል ሰው ግን በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ ነው የሚያስታውሰው።

የመጀመሪያውና ጠንካራው ተቃውሞ ከላንድ ክሩዘር የሚመጣ ነው። አገራችን የምታውቀው ትልቅ መኪና እሱ ነው፤ በመንግሥት መሥሪያ ቤትም በእርዳታ ድርጅትም ሲሠራ ኖሯል፤ የኋላ ጎማውም ዞሮ አያውቅም። ቶዮታ ከ80 እስከ 300 ባሉት ሞዴሎች ሁሉ የአክስሉን ርቀት 2,850 ሚሊሜትር ላይ አጽንቶ ይዞታል። መኪናው በየትውልዱ ሲለወጥና ሲያምር ይቺ ልክ አልተነካችም። በዚህም ላንድ ክሩዘር 300 ያለ ምንም ተጨማሪ ሞተርና ኮምፒውተር በ5.9 ሜትር ራዲየስ ይዞራል፤ ክቡ 11.8 ሜትር ነው ማለት ነው። ይህን ከካየን 11.5 ጋር አስተያዩት፤ በሁለቱ መካከል ያለው 30 ሳንቲሜትር ነው። አክስሉን ያላራዘመ አምራች ሌላው በውድ ዋጋ የሚገዛውን ነገር በነፃ አግኝቶታል። ይህን ተቃውሞ ሙሉ በሙሉ እቀበለዋለሁ፤ ክርክሬንም ያጠናክርልኛል እንጂ አያፈርሰውም። የአክስሉ ርቀት አጭር ለሆነ ኤስዩቪ የኋላ ጎማ መሪ አያስፈልግም የምለው በዚሁ ምክንያት ነው። ችግሩ ሁሉም ሰው አጭሩን አለመምረጡ ነው። ሦስተኛው ረድፍ ወንበር ላይ አዋቂ ሰው ሲቀመጥ ጉልበቱ እንዲዘረጋ የሚፈልግ ቤተሰብ ርዝመት ይገዛል፤ ርዝመት የገዛ ደግሞ የመዞሪያ ዕዳ አብሮ ይገዛል።

ታሪኩም ወደዚያው ያመለክታል። ኒሳን እ.ኤ.አ. በ1985 በስካይላይን፣ ሆንዳም በ1987 በፕሪሉድ ላይ የኋላ ጎማን ማዞር ጀምረው ነበር። የሆንዳው ያለ ኮምፒውተር፣ ከፊት መሪው ወደኋላ በሚደርስ ዘንግ ብቻ የሚሠራ ድንቅ የሜካኒክ ሥራ ነበር። ሆኖም ቴክኖሎጂው በዚያ መጠን መኪኖች ላይ አልሰነበተም፤ ምክንያቱ ለእኔ ግልጽ ነው፤ ድሮም በቀላሉ ይዞሩ ነበርና ያተረፉት ከሚያወጡት አነሰ። ዛሬ የተመለሰው መኪኖቹ ስለረዘሙና ስለከበዱ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከአሜሪካ ገበያ ይነሣል። ጄኔራል ሞተርስ ደልፋይ የተባለው የመኪና ዕቃ አምራች የሠራውን፣ ኳድራስቲር የተባለ የኋላ ጎማ መሪ እ.ኤ.አ. በ2002 በጂኤምሲ ሲየራ ደናሊ ፒክአፕ ላይ ገጠመ፤ ቀጥሎም ሰበርባንና ዩኮን ኤክስኤልን ለመሳሰሉት ግዙፍ ኤስዩቪዎች አቀረበው። የኋላ ጎማው እስከ 12 ዲግሪ ይዞር ነበር፤ ዛሬ ከምናያቸው ከብዙዎቹ ይበልጣል። የሲየራው የመዞሪያ ክብ በ20 በመቶ ገደማ ቀንሶ ወደ 11 ሜትር ተኩል ተጠጋ። ከባድ ተጎታች ለሚስብ ሰው የተለየ ማብሪያ ነበረው፤ በዚህ በኩል የነበረው ጥቅም ዛሬም ድረስ የሚመሰገን ነው። ቢሆንም ገዢ አጣና በ2005 ተቋረጠ። «ይኸው ሕዝብ ፈትኖት ጥሎታል» የሚሉ አሉ። የተጣለው ግን ሐሳቡ ነው ወይስ አሠራሩ? ያ ሥርዓት የኋላ አክስሉን ሙሉ በሙሉ የሚያስለውጥ ከባድ ሥራ ነበር፤ መኪናውን አስፍቶት ሰፊ ፓራፋንጎ ጠይቋል፤ ስፋቱ ከሕጉ ልክ በማለፉም ጣሪያው ላይ እንደ ከባድ መኪና የምልክት መብራት አስደርጓል። ዋጋው ሲጀመር በሺህ የሚቆጠር ዶላር ጭማሪ ነበር፤ ዋጋው ሲቀነስ ደግሞ ጊዜው አልፎ ነበር። የዛሬው ዕቃ እያንዳንዱ ጎማ ራሱን ችሎ በተንጠለጠለበት አክስል ላይ የሚታከል ትንሽ ሞተር ነው። የኳድራስቲር ውድቀት የሚያስተምረን ጥቅሙ ከዋጋው ጋር ካልተመጣጠነ ገዢ እንደማይመጣ ነው፤ ጥቅሙ የለም ማለት ግን አይደለም።

ስለ ፍጥነቱ ጥቅም የምለው አጭር ነው። የፊትና የኋላ ጎማ በአንድ አቅጣጫ ጥቂት ሲዞሩ መኪናው መስመር ሲቀይር ጭራው ሳይወዛወዝ እንደ አንድ አካል ወደ ጎን ይሻገራል፤ ከፍ ብሎ ለተሠራ ከባድ መኪና ይህ ደስ የሚል መረጋጋት ነው። ነገር ግን በደህንነት ስም ሲሸጥ አልስማማም። መኪና ሲንሸራተት ጎማዎቹን አንድ በአንድ እየያዘ የሚያስተካክለው የኤሌክትሮኒክ መረጋጊያ በአሜሪካ ከእ.ኤ.አ. 2012 ሞዴል ጀምሮ በአዲስ ቀላል ተሽከርካሪ ሁሉ ላይ ግዴታ ነው፤ ለብቻው በሚገለበጥ ወይም በሚጋጭ መኪና የሚደርሰውን የሞት አደጋ በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ በጥናት ተረጋግጧል። የኋላ ጎማ መሪ እንዲህ ያለ ማስረጃ ይዞ አልቀረበም። የቤተሰቡ ደህንነት የሚያሳስበው ሰው ገንዘቡን በቅድሚያ ጥሩ ጎማና ጥሩ ፍሬን ላይ ቢያውል ይሻለዋል።

ብዙ ጊዜ የማይነገር አንድ ጉዳት ግን አለ፤ በዝርዝር ማየት ይገባል። አጣናውን ከኋላ የተሸከመው ሰው ወደ ውጭ ሲወጣ የአጣናው ጫፍ ከእሱም አልፎ ይወጣል። ቅድም ያሰላነውን መኪና እንደገና እንውሰደው፤ ስፋቱ 2 ሜትር፣ ከኋላ አክስሉ በስተኋላ ያለው አካሉ 1 ሜትር ከ10 ይሁን። ግድግዳ ጥግ ቆሞ መሪውን እስከ መጨረሻው አዙሮ ወደፊት ሲነሣ፣ የኋላ ጎማው ካልዞረ የኋለኛው ጥግ ወደ ግድግዳው የሚወጣው 11 ሳንቲሜትር ያህል ነው። የኋላ ጎማው 7 ዲግሪ ከዞረ ግን 25 ሳንቲሜትር ይወጣል። ከግድግዳው 20 ሳንቲሜትር ርቆ የቆመ መኪና በመጀመሪያው አነሣስ ምንም አልደረሰበትም፤ በሁለተኛው ተፋቀ ማለት ነው። አምራቾች የሚያወጡት የመዞሪያ ክብ አብዛኛውን ጊዜ ጎማው የሚረግጠውን መስመር የሚለካ ስለሆነ ይህን አያሳይም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከግድግዳ ሲነሡ መሪውን በልክ አዙሮ ጥቂት ቀጥ ብሎ መውጣት በቂ ነው። ዳሩ ግን መኪናውን የሚነዳው ሹፌር፣ የቤተሰብ አባል ወይም ፓርኪንግ ላይ ቁልፍ የሚረከብ ሰራተኛ ይህን ካልተነገረው አያውቅም። ዕቃውን የሸጠ ሁሉ ይህን የማስረዳት ግዴታ አለበት ብዬ አምናለሁ።

የመጨረሻው ተቃውሞ ለእኛ ከሁሉም ይከብዳል፤ ሲበላሽ ማን ይሠራዋል? ሞተሩ ሥራ ሲያቆም ዘንጉ በተፈጥሮው ጎማውን ባለበት ይይዘዋል፤ ስለዚህ የኋላ ጎማ እንዳሻው መንከራተት አይጀምርም፤ መኪናው በማስጠንቀቂያ መብራት እንደ ተራ መኪና ይነዳል። አስቸጋሪው ጎማው ቀጥ ሳይል ከቆመ ነው፤ ያኔ መኪናው ሰውነቱን አጣሞ ይሄዳል፣ ጎማም ይበላል። ከዚህ ሌላ ተራ የሚመስለው አላይመንት እንኳ ይለወጣል። የፊቱን ብቻ አስተካክሎ መልቀቅ አይቻልም፤ አራቱም ጎማዎች ይለካሉ፣ ከዚያም የኋላው ሞተር መሐሉ የት እንደሆነ በኮምፒውተር እንደገና ይነገረዋል። ያ ኮምፒውተርና የሚጠቀምበት ባለሙያ በሌለበት አገር፣ መለዋወጫውም በወራት በሚመጣበት ሁኔታ፣ መዞሩ ያተረፈልን ሜትር መኪናው ጋራዥ በሚቆምበት ጊዜ ይበላል። ይህን ተቃውሞ በቃላት ማስተባበል አልችልም፤ መልሱ ዕቃውና ባለሙያው መኖር ብቻ ነው።

ጥያቄው ለወደፊት የሚተው እንዳይመስለን አንድ ነገር ልጨምር። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች፤ ከእንግዲህ የሚገባው አዲስ የቤት መኪና ኤሌክትሪክ ነው። ኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ባትሪውን በሁለቱ አክስሎች መካከል ወለሉ ሥር ስለሚያነጥፍ አክስሎቹ ይራራቃሉ። የመርሴዲስ ኢኪውኤስ ኤስዩቪ የአክስል ርቀት 3,210 ሚሊሜትር ነው፤ ከላንድ ክሩዘር 36 ሳንቲሜትር ይበልጣል። አምራቹ የኋላውን ጎማ እስከ 10 ዲግሪ እንዲዞር ያደረገው ለጌጥ አይደለም። ባትሪው መኪናውን ማርዘሙ ካልቀረ፣ የኋላ ጎማ መሪም ወደ መንገዶቻችን መምጣቱ አይቀርም። ወደ መንገዶቻችን የሚመጣው መኪና ሲለወጥ ጋራዦቻችን ባሉበት ከቀሩ ጉዳቱ በገዢው ላይ ነው።

ስለዚህ አስመጪዎችን የምጠይቀው ይህ ነው፤ የኋላ ጎማው የሚዞር መኪና ስታስገቡ ማስተካከያ መሣሪያውንና የሠለጠነ መካኒኩን አብራችሁ አቅርቡ። ገዢዎችም ከመፈረማችሁ በፊት የዲግሪውንና የመዞሪያ ክቡን ልክ ጠይቁ፤ በዚህች ከተማ ማን እንደሚያስተካክለውም በጽሑፍ ተቀበሉ። የአክስሉ ርቀት ወደ 3 ሜትር የተጠጋ ወይም ከዚያ ያለፈ መኪና የምትገዙና በየዕለቱ በጠባብ ቦታ የምትነዱ ከሆነ፣ ማን ያስተካክለዋል የሚለው ጥያቄም መልስ ካገኘ፣ ሳታመነቱ ውሰዱት። ከዚያ በታች ላለ መኪና ተጨማሪ ገንዘብ አትክፈሉበት።